ያረጀ ሁሉ ባለቤት አልባ አይደለም

«ዱም» የተባለው የተኩስ ጨዋታ እ.ኤ.አ. በ1993 በአሜሪካ አገር ወጣ። ሠሪው ኢድ ሶፍትዌር በ1997 የፕሮግራሙን ምንጭ ኮድ ለሕዝብ ስለ ለቀቀ፣ ባለሙያዎች ለዛሬው ኮምፒዩተርና ስልክ እንዲስማማ አድርገው አደሱት። ስለዚህ ልጆቻችን «አሮጌ ነው፤ ነፃ ነው» ይሉናል። ነገር ግን የተሰጠው ፕሮግራሙ ነው እንጂ፣ ሥዕሉንና ድምፁን የያዘው ፋይል ዛሬም በዋጋ የሚሸጥ ንብረት ነው። ከመጀመሪያዎቹ ሦስት ክፍሎች በነፃ እንዲታደል የተፈቀደው አንደኛው ብቻ ነው።

እንግዲህ ወላጆች ሆይ፣ ጨዋታው ደም የሚፈስበት ስለ ሆነ ለሕፃናት እንደማይገባ እናስታውስ፤ ዐቅመ አዳም ለደረሱት ግን የተሰጠውን አመስግኖ መቀበልን፣ ያልተሰጠውን ገዝቶ መያዝን እናስተምር። ስጦታና ስርቆት የሚለዩት በባለቤቱ ፈቃድ ነውና።