ቃሉ የማን ነው?

«የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» ይላል ያገራችን ሰው። ቃል ከልጅ ይበልጣል ማለቱ ነው። ከአፍ የወጣ ቃል ባለቤት አለው፤ ባለቤቱም ይጠየቅበታል። ታዲያ ተናጋሪው አንድ ሰው፣ ቃሉን ጽፎ የሰጠው ደግሞ ሌላ ሰው ቢሆን የሚጠየቀው ማን ነው?

ይህ ጥያቄ የተነሣው በቅርቡ በመኝታ ቤታችን «ዌስት ዊንግ» የተባለውን የአሜሪካ የቴሌቪዥን ድራማ በኮምፒዩተር ስንመለከት ነው። ከመካከላችን አንድ የሕግ ተማሪ፣ «ይህ ቶቢ ዚግለር የምትሉት ሰው እኮ የኪራይ ምላስ ነው። ቃሉ የፕሬዚዳንቱ ስለ ሆነ እርሱ አይመሰገንበትም፤ አይወቀስበትምም» አለ። ክርክሩ እስከ እኩለ ሌሊት ቆየ። በዚያ ሌሊት በቂ መልስ መስጠት ስላልቻልሁ ማለት የነበረብኝን ዛሬ በዚህ ጋዜጣችን ላይ ለአንባቢዎች አቀርባለሁ።

ድራማውን ላልተመለከቱት ባጭሩ ልግለጽ። «ዌስት ዊንግ» ማለት የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ጽሕፈት ቤት የሚገኝበት የዋይት ሀውስ ምዕራባዊ ክንፍ ነው። በአሮን ሶርኪን የተፈጠረው ይህ ድራማ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ከ1999 እስከ 2006 ዓ.ም. በ7 ተከታታይ ምዕራፎች ታይቷል። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) ፕሬዚዳንቱ ጆሳያ ባርትሌት በልብ ወለድ የተፈጠሩ ሰው ናቸው። ንግግራቸውን የሚያዘጋጀው የማስታወቂያ ጉዳይ ኀላፊው ቶቢ ዚግለር ሲሆን፣ ሳም ሲቦርን ደግሞ ምክትሉ ነው። ቶቢን ሆኖ የተጫወተው ሪቻርድ ሺፍ በ2000 ዓ.ም. የኤሚን ሽልማት አግኝቷል።

ሥራው ግን ልብ ወለድ አይደለም። በ1921 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ሃርዲንግ ጀድሰን ዌሊቨር የተባሉትን ጋዜጠኛ በዋይት ሀውስ ከቀጠሩ ወዲህ የንግግር ጸሐፊነት የታወቀ ሙያ ሆኗል። ከጸሐፊዎቹ ሁሉ ስመ ጥር የሆኑት የፕሬዚዳንት ኬኔዲ ረዳት ሚስተር ቴድ ሶረንሰን ናቸው። ኬኔዲ በ1957 ዓ.ም. የፑሊትዘርን ሽልማት ያገኙበትን መጽሐፍ አብዛኞቹን ምዕራፎች መጀመሪያ የረቀቁት እርሳቸው መሆናቸውን ሚስተር ሶረንሰን በግልጽ ያመኑት ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ፣ በ2008 ዓ.ም. ነው። ኬኔዲ ከሞቱ ከ40 ዓመት በላይ ሆኗቸው ነበር።

የሕግ ተማሪው ጓደኛዬ ይህን ለራሱ ማስረጃ አድርጎ ያቀርበው ይሆናል። «ጸሐፊው ራሱ ቃሉ የእኔ ነው ካላለ እኛ ለምን የእርሱ ነው እንላለን?» ሊል ይችላል። በእኔ አስተያየት ግን እዚህ ላይ ሁለት ነገሮች ተደባልቀዋል። ምስጋናን ለሌላ መተው አንድ ነገር ነው፤ ወቀሳን ለሌላ መተው ሌላ ነገር ነው። ምስጋናን መተው ትሕትና ነው። ወቀሳን መተው ግን ሽሽት ነው። ንግግር ጸሐፊ ስሙን የመደበቅ መብት አለው፤ ከኀላፊነት የመደበቅ መብት ግን የለውም። ድራማውን ከፍ ያለ ዋጋ የሰጠሁትም ይህን ልዩነት በሁለቱ ጸሐፊዎች ኑሮ ውስጥ ደጋግሞ ስላሳየኝ ነው።

ከሳም ልጀምር። ሳም ወደ ፖለቲካ ከመግባቱ በፊት በኒው ዮርክ የአንድ ትልቅ የጥብቅና ድርጅት ጠበቃ ነበር። ሥራውም ለነዳጅ ኩባንያዎች የመርከብ ግዥ ውል ማዘጋጀትና አደጋ ቢደርስ ዕዳው ኩባንያውን እንዳይነካ አድርጎ መጻፍ ነበር። አንድ ቀን ደንበኞቹን «ገንዘብ ጨምራችሁ የተሻለ መርከብ ግዙ» ብሎ መከራቸው፤ አልሰሙትም። እርሱም ስብሰባውን ጥሎ ወጣና የባርትሌትን የምርጫ ዘመቻ ተከተለ። ነገር ግን በ2001 ዓ.ም. በታየው አንድ ክፍል፣ ቀድሞ ግዥውን ያስፈጸመው ያረጀ መርከብ አደጋ ደርሶበት ነዳጁ ባሕር ላይ ፈሰሰ። በሕግ ማንም አልጠየቀውም። ውሉ የኩባንያው፣ ፊርማውም የኩባንያው ነው። ሳም ግን እንቅልፍ አጣ፤ እያንዳንዱን ቃል ለኩባንያው መሸሸጊያ አድርጎ የሠራው በገዛ እጁ መሆኑን ያውቃልና። ማንም ባይጠይቀው ራሱን ጠየቀ።

ወደ ቶቢ እንለፍ። ቶቢ ከባርትሌት ጋር ከመሥራቱ በፊት በብዙ የምርጫ ዘመቻ ውስጥ ሠርቶ አንድም ጊዜ አሸንፎ አያውቅም ነበር። ፊቱ የማይፈታ፣ ለአንድ ቃል ሌሊቱን ሙሉ የሚከራከር ሰው ነው። የእርሱን የሥራ ዘመን ሦስት ድርጊቶች ያስረዱልኛል።

የመጀመሪያው በ1999 ዓ.ም. የታየው የገና በዓል ክፍል ነው። ዋልተር ሃፍናግል የተባለ ቤት የሌለው ሰው በዋሽንግተን መናፈሻ ወንበር ላይ ሞቶ ተገኘ። በለበሰው ካፖርት ኪስ ውስጥ የቶቢ አድራሻ ካርድ ስላለ ፖሊስ ቶቢን ጠራው። ለካ ካፖርቱ ቶቢ ለድሆች የሰጠው ኖሯል! ሟቹ የኮሪያ ዘማች እንደ ነበረ ቶቢ ሲረዳ፣ ሳይፈቀድለት በፕሬዚዳንቱ ስም ተጠቅሞ በአርሊንግተን የወታደር መቃብር በክብር እንዲቀበር አደረገ። እኛ ኢትዮጵያውያን ይህን ክፍል ስንመለከት ሳይሰማን አያልፍም፤ የቃኘው ሻለቃ ልጆችም በዚያው ጦርነት ከ1951 ዓ.ም. ጀምሮ ተሰልፈው ደማቸውን አፍስሰዋልና። ፕሬዚዳንቱ ነገሩን ሰምተው ሲጠይቁት ቶቢ አልካደም፤ በሌላም ሰው አላመካኘም። እንዲህ ከተደረገ ቤት የሌለው ዘማች ሁሉ ይመጣብናል ቢሉት፣ ይምጣ፣ ተስፋዬም ይኸው ነው የሚል መልስ ሰጣቸው።

ሁለተኛው በ2001 ዓ.ም. የታየው ነው። ፕሬዚዳንቱ መልቲፕል ስክለሮሲስ የሚባል የነርቭ በሽታ እንዳለባቸው ከሕዝብ ደብቀው ነበር። ቶቢ በቢሮው ግድግዳ ላይ ኳስ እያነጠረ ሌት ተቀን ሲያስብ ቆይቶ፣ የምክትል ፕሬዚዳንቱ አኳኋን ለሌላ ምርጫ የሚዘጋጅ ሰው አኳኋን መሆኑን አስተዋለ። ከዚያም ነገሩን እያጠበቀ ሲጠይቅ እውነቱ ተነገረው። ምስጢሩን የሚያውቁት ሰዎች ቍጥር በእርሱ 17 ሆነ። ያን ጊዜ የሠራውን ልብ እንበል። አላጨበጨበም። ወደ ጋዜጣም አልሮጠም። እዚያው በፕሬዚዳንቱ ቢሮ ውስጥ፣ በፊታቸው ቆሞ ተቈጣ። በጥይት ቆስለው ለቀዶ ሕክምና ሲገቡ ሥልጣናቸውን ለሌላ የሚያስተላልፍ ወረቀት ሳይፈረም መቅረቱን አንሥቶ፣ በዚያ ሰዓት አገሪቱን ያዘዘ ማን ነበር ብሎ ሞገታቸው። ፕሬዚዳንቱም ተቈጡ። ቶቢ ግን ነገሩን አላለሰለሰውም፤ እስከዚያ ቀን ድረስ ለሕዝብ የጻፈው ቃል ሁሉ ሳያውቀው የውሸት መሸፈኛ ሆኖ ነበርና።

ሦስተኛው ከሁሉ የከበደው ነው። በ2005 ዓ.ም. በታዩት ክፍሎች ሦስት ጠፈርተኞች በዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ላይ አየር እየጠፋባቸው ሊሞቱ ደረሱ። ሊያድናቸው የሚችል የጦር ሠራዊት ምስጢራዊ መንኰራኵር እንዳለ ቶቢ አወቀ፤ ምስጢሩንም ለጋዜጠኛ ሰጠ። ጠፈርተኛ የነበረው ወንድሙም ቀደም ብሎ ሞቶበት ነበር። ሰዎቹ ዳኑ። በሌላ በኩል ግን የሥራ ባልደረባው ሲ.ጄ. ተጠረጠረች። በመጨረሻ ቶቢ ራሱ ወጥቶ «እኔ ነኝ» አለ፤ ከሥራም ተባረረ፤ ለፍርድም ቀረበ። በ2006 ዓ.ም. በታየው የመጨረሻ ክፍል ፕሬዚዳንቱ ከሥልጣን ሊወርዱ ጥቂት ሰዓት ሲቀራቸው ምሕረቱን ፈረሙለት።

እዚህ ላይ አንድ እውነተኛ ታሪክ ላስታውስ። አፖሎ 11 ወደ ጨረቃ በተጓዘችበት በሐምሌ 1969 ዓ.ም. የፕሬዚዳንት ኒክሰን ንግግር ጸሐፊ ሚስተር ዊልያም ሳፋየር፣ አርምስትሮንግና ኦልድሪን ከጨረቃ መመለስ ቢያቅታቸው ፕሬዚዳንቱ ለሕዝብ የሚያነቡትን የኀዘን ቃል አዘጋጅተው ነበር። ሰዎቹ በደኅና ስለ ተመለሱ ወረቀቱ ሳይነበብ ቀርቶ በ1999 ዓ.ም. በሰፊው ታወቀ። ሚስተር ሳፋየር የጻፉት ሌላ ማዳኛ እንደማይኖር ተረድተው ነው፤ ስለዚህ ሥራቸው የሚያስመሰግን ነው። ቶቢ ግን ማዳኛ መኖሩን ያውቃል። ማዳኛ እንዳለ እያወቁ ያማረ የኀዘን ንግግር ማዘጋጀት ምን ይባላል? ይህ የማንኛውም ንግግር ጸሐፊ የመጨረሻ ፈተና ይመስለኛል።

እንዲህም ሆኖ ሦስተኛው ድርጊት እንደ ሁለተኛው አያስደስተኝም። ተዋናዩ ሪቻርድ ሺፍ ራሱ ቶቢ ይህን ያደርጋል ብሎ እንዳላመነ በአደባባይ ተናግሯል። የእኔም ቅሬታ ከዚህ ብዙ አይርቅም። በ2001 ዓ.ም. ፊት ለፊት የተናገረው ቶቢ በ2005 ዓ.ም. በጓሮ በር ወጣ። በፊታቸው ቆሞ «ይህን ካላደረጋችሁ ነገ ለጋዜጣ እናገራለሁ፤ ስሜንም እሰጣለሁ» ቢል ኖሮ ሲ.ጄ. በሐሰት ባልተጠረጠረች ነበር። የሦስት ሰው ሕይወት ከምስጢር ይበልጣል፤ በዚህ አልከራከርም። ሆኖም ቶቢን በዓይኔ ያከበረው ምስጢሩን ማውጣቱ ሳይሆን «እኔ ነኝ» ማለቱ ነው። የኪራይ ምላስ «እኔ ነኝ» አይልም።

አሁን ወደ ራሳችን ልመለስ። ይህን ሁሉ የጻፍሁት ስለ አሜሪካ ድራማ ለማውራት ብቻ አይደለም። ከዚህ ግቢ ከምንመረቀው ውስጥ ሚኒስትር የሚሆነው ጥቂት ነው፤ ለሚኒስትር የሚጽፈው ግን ብዙ ነው። አብዛኞቻችን ሌላው የሚፈርመውን ደብዳቤ፣ ሌላው የሚያነበውን ንግግር፣ ሌላው የሚያቀርበውን ሪፖርት ስንጽፍ እንኖራለን። ሪፖርቱ ውስጥ ያልተቈፈረ ጕድጓድ ተቈፈረ ተብሎ ቢገባ፣ «እኔ የታዘዝሁትን ጻፍሁ» ማለት ይበቃናልን? ፈራሚው አያውቅ ይሆናል፤ ጸሐፊው ግን ያውቃል። የሚያውቅ ሰው ደግሞ ከማያውቀው ይልቅ ይጠየቃል።

ልማዱም የሚጀምረው ከዚሁ ነው። በማኅበራችን ምርጫ ጊዜ ብዙው ዕጩ ጓደኛው የጻፈለትን ያነባል። ቤተ መጻሕፍቱ እስከ እኩለ ሌሊት ይከፈታል፣ የምግቡ ነገር ይሻሻላል ተብሎ ቃል ይገባል። በዓመቱ መጨረሻ ተመራጩ ሲጠየቅ «የጻፈልኝ እገሌ ነው» ይላል፤ እገሌም «እኔ ጻፍሁ እንጂ አልተናገርሁም» ይላል። ቃሉም ወላጅ እንደሌለው ልጅ በመካከል ይቀራል።

ስለዚህ ለማኅበራችን አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። ዕጩ ንግግሩን ማንም ይጻፍለት፤ ነውር የለበትም። ነገር ግን የንግግሩ ወረቀት በማኅበሩ ጸሐፊ ዘንድ ይቀመጥ። በዓመቱ መጨረሻ ጠቅላላ ጉባኤ ተመራጩ ስለ ገባው ቃል ሲጠየቅ፣ ወረቀቱን የጻፈለትም ከጎኑ ይቁም። ጭብጨባው ለተናጋሪው ብቻ ይሁን፤ ጥያቄው ግን ለሁለቱም ይሁን።

የሕግ ተማሪው ጓደኛዬ ይህን ጽሑፍ ከመታተሙ በፊት አንብቦታል። በሐሳቡ እንደ ጸና ነው፤ በሕግ ፊት የሚጠየቀው የፈረመው ብቻ ነው ይላል። መልሱን በሚቀጥለው እትም እንዲያወጣ ጋብዤዋለሁ። በሌላ ሰው አስጽፎ ቢያመጣም አልቃወምም፤ የጻፈለት ሰው አብሮት እንዲመጣ ብቻ እጠይቃለሁ።