ሰዎቹን አላነሣም

«ባቡሩ ግሩም ነው፤ ጣቢያውም ቁርጥ እሱን መስሏል። እነዚህን ሰዎች ግን አንሣልኝ ወንድሜ፤ እንግዳ የሚገባበት አዳራሽ ነው።»

ይህን ያሉኝ ስማቸውንም መሥሪያ ቤታቸውንም የማልጠቅሰው አንድ ኃላፊ ናቸው። ክፉ ሰው አይደሉም። ቡና ጋብዘውኛል፤ እስከ ደረጃው ድረስም ሸኝተውኛል። አንባቢ እንዳይደነግጥ ልንገረው፤ እንዲነሡ የተፈረደባቸው ሰዎች ቁመታቸው 2 ሳንቲ ሜትር የማይሞላ፣ አካላቸው ፕላስቲክ፣ ነጠላቸው ሶፍት ወረቀት የሆነ 11 ነፍሶች ናቸው። አንዷ የተቀቀለ እንቁላል ትሸጣለች። አንዷ ጀሪካን አዝላለች። ሁለቱ ፉርጎ ላይ ጆንያ ይጭናሉ። አንድ ሽማግሌ ጥላ ሥር ተቀምጠው ምንም አይሠሩም። የቀሩትም እንዲሁ በየፊናቸው ናቸው።

ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። ላለፉት ሦስት ዓመታት ማታ ማታ፣ ከጽሑፍ ሥራ በተረፈኝ ሰዓት፣ 120 በ60 ሳንቲ ሜትር በሆነ ጣውላ ላይ ከቀድሞው የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ምድር ባቡር መስመር አንድ ትንሽ ጣቢያ በሞዴል ስሠራ ቆይቻለሁ። ጣቢያው በስም የሚጠራ አይደለም፤ ከአዋሽ እስከ ድሬዳዋ ካሉት ጣቢያዎች ከአንዱ በሩን፣ ከሌላው ጣሪያውን፣ ከሦስተኛው ግራሩን ወስጄ ያዋቀርሁት ነው። ኃላፊው ወሬውን ሰምተው በመሥሪያ ቤታቸው መግቢያ እንዲቀመጥ ጠየቁኝ። ደስ አለኝ። ጣውላውን በታክሲ ጭኜ ሄድሁ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ከላይ ነግሬአችኋለሁ። ጣውላውን መልሼ በታክሲ ጭኜ ቤቴ ገባሁ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሦስት ዓይነት መካሪ አጋጥሞኛል። አንደኛው «የልጅ ጨዋታ ነው፤ ምን ያናድድሃል?» ይለኛል። ሁለተኛው ባቡር ወዳድ ነው፤ «ዋናው ሎኮሞቲቩ ነው፤ ሰዎቹ ቢነሡ ምን ይጎድላል?» ይላል። ሦስተኛው ኃላፊው ራሳቸው ናቸው። ለሦስቱም በየተራ መልስ አለኝ።

ጨዋታ ነው ለሚለው ወዳጄ፦ ይሁን፤ ጨዋታ ነው። ግን ሒሳብ ያለው ጨዋታ ነው። በዓለም ላይ እጅግ የተለመደው የሞዴል ባቡር ልክ 1 ለ87 ነው። 87 ሜትር የነበረው ነገር 1 ሜትር ይሆናል ማለት ነው። የእኛ አሮጌ ሀዲድ ስፋቱ 1 ሜትር ስለነበረ በዚህ ልክ ከ1 ሳንቲ ሜትር ብዙም አያልፍም። አሁን አንባቢ እርሳስ ያንሣ። ከጅቡቲ እስከ አዲስ አበባ የነበረው 784 ኪሎ ሜትር ለ87 ሲካፈል 9 ኪሎ ሜትር ይመጣል። መስመሩን ሙሉውን ልሥራ ብል ሞዴሉ ከለገሀር ተነሥቶ ወደ ቃሊቲ ይጠጋ ነበር!

ስለዚህ ሞዴል ሠሪ የግድ ይመርጣል። ከ9 ኪሎ ሜትር ውስጥ አንዲት ሜትር ከምናምን ቆርጦ ያስቀርና ሌላውን ይጥላል። ምን እንደሚቀርና ምን እንደሚጣል የሚወስንባት ሰዓት ጨዋታው የሚያበቃባት ሰዓት ናት። የታሪክ ጸሐፊም፣ ጋዜጠኛም፣ የከተማ ፕላን አውጪም የሚሠሩት ይህንኑ ነው። «ሰዎቹን አንሣ» የሚለኝ ሰው ስለ አሻንጉሊት እያወራኝ አይደለም። ከአንድ ዘመን ውስጥ ማን ቢጣል እንደማይቆጨው እየነገረኝ ነው።

ባቡር ወዳዱ ወዳጄ ደግሞ ክርክሩ የቆየ መሆኑን የሰማ አይመስለኝም። በእንግሊዝ አገር በቀድሞው ዘመን የብዙዎቹ ሞዴል ሠሪዎች ልብ በሎኮሞቲቩና በሀዲዱ ላይ ነበር፤ ዙሪያው ባዶ ጣውላ ቢሆን ግድ አልነበራቸውም። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጨረሻ ግን ጆን አኸርን የተባለ ሰው «ማደር ቫሊ» ብሎ የሰየመውን የሐሳብ መስመር መሥራት ጀመረ። ለእርሱ ባቡሩ በአንድ አገር ውስጥ አልፎ የሚሄድ ነገር እንጂ አገሩ ራሱ አልነበረም። ቤቱ፣ መንገዱ፣ ወደቡ ከሎኮሞቲቩ እኩል ተደከመባቸው። ኋላም ትንንሽ ቤቶችና መልክዓ ምድር እንዴት እንደሚሠሩ የሚያስተምሩ መጻሕፍት ጻፈ።

ሮይ ኢንግላንድ የሚባለው አውስትራሊያዊ ታሪክ ደግሞ ይበልጥ ይነካኛል። እ.ኤ.አ. በ1925 ወደ እንግሊዝ የመጣ ወጣት ነበር። የሚወዳቸው የገጠር መንደሮች መልካቸው ሲለወጥ፣ የሣር ክዳኑ እየተነሣ አዲስ ነገር ሲተካ አየ። ማዳን አልቻለም። ስለዚህ መለካት ጀመረ። ቤቶቹን በካርቶንና በውኃ ቀለም፣ ከነጓሮ አትክልታቸው፣ በ1 ለ76 ልክ ይሠራቸው ገባ። እ.ኤ.አ. በ1954 የተጀመረው የፔንደን ሙዚየም ከዚህ የመጣ ነው። የአኸርንም መስመር ዛሬ የሚገኘው እዚያው ነው። በጀርመን ሐምቡርግ ደግሞ ፍሬደሪክና ጌሪት ብራውን የተባሉ መንትያ ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ2001 የከፈቱት የሞዴል ዓለም ከ1,000 በላይ ባቡሮች አሉት፤ ትንንሾቹ ሰዎቹ ግን ከ200,000 በላይ ናቸው። ሚዛኑ ወዴት እንዳጋደለ አንባቢ ይፍረድ።

ባቡር ወዳዱን ዝም የሚያሰኘው ነገር ግን እዚሁ ቤቴ ነው። የእኔ ሎኮሞቲቭ ስዊስ ነው! ዘመድ ከውጭ አሮጌውን ገዝቶ የላከልኝ፣ እኔ ቀለሙን የቀየርሁት ነው። ነገሩን የሚያውቅ ሰው አንድ ጊዜ ዐይቶ ይስቅብኛል። የእኛን ግራር፣ የእኛን ጣቢያና የእኛን ሰው ግን ከየትኛውም ሱቅ ማግኘት አልቻልሁም። የውጭ አገር ካታሎግ ብትገልጡ ሻንጣ የያዘ መንገደኛ አለ፤ የእሳት አደጋ ሠራተኛ አለ፤ ሙሽራና ሚዜ ሳይቀር አለ። ነጠላ የለበሰች ሴት ግን አላገኘሁም። ስለዚህ ያልተቀባ ፈረንጅ ገዝቼ ባርኔጣውን በምላጭ እቆርጣለሁ፤ ሶፍት ወረቀት በቀጠነ ኮላ ነክሬ ትከሻው ላይ አጣፋለሁ፤ ሲደርቅ እቀባዋለሁ። አንዱ ሰው ሁለት ምሽት ይፈጃል።

ግራሩን የሠራሁት ከተጣለ የኤሌክትሪክ ሽቦ ነው። የመዳብ ክሮቹን አንድ ላይ ገምዶ፣ ከላይ በትኖ፣ ስፖንጅ ከትፎ መለጠፍ ነው። የመጀመሪያዎቹ ዛፎቼ ክብ ሆነው የፈረንጅ አገር ዛፍ መሰሉብኝ፤ የግራር አናት እንደ ጃንጥላ ጠፍጣፋ መሆኑን በዐይኔ እያወቅሁ እጄ ግን አላወቀውም ነበር። አፈሩ የአዋሽ አካባቢ አፈር ነው፤ በስቶኪንግ ነፍቼዋለሁ። በሀዲዱ መካከል ያለው ጠጠር እንዳይንሸራተት ኮላው በውኃ ይቀጥናል፤ ጠብታ የሳህን ሳሙና ይጨመርበታል፤ ያለ ሳሙናው ኮላው ጠጠሩ ላይ ድቡልቡል ብሎ ይቀራል እንጂ አይሰርግም። ቆርቆሮው የሲጋራ ፓኮ የብር ወረቀት ነው። እንቁላሎቹም የነጭ ጤፍ ፍሬዎች ናቸው፤ በልኩ ሒሳብ ትንሽ ይተልቃሉ፤ ገዢ ግን አልከሰሰም።

ይህን ሁሉ የዘረዘርሁት ለጉራ አይደለም። ሥራው ያስተማረኝን አንድ ነገር ለመናገር ነው። አዲስ የተቀባ ቆርቆሮ አሻንጉሊት ይመስላል። ዝገት ስትቀቡት፣ ግድግዳው ሥር የጭቃ ፍንጣቂ ስትረጩ፣ የበሩ ደፍ ላይ የእግር ዳና ስታደርጉበት እውነት ይሆናል። የሰው እጅና እግር የነካው ነገር ብቻ ነው ቤት የሚመስል።

እንግዲህ ወደ ኃላፊው ልመለስ። በእውነተኛውም መስመር ሎኮሞቲቩ ከውጭ የመጣ ነበር። ሀዲዱም ከውጭ የመጣ ነበር። የእኛ የነበረው ምን ነበር? በመስኮቱ በኩል እንቁላልና ቲማቲም የሚያቀብለው እጅ ነበር። የእንፋሎት ባቡር ውኃ ይጠማዋል፤ በሚቆምበት ቦታ ሰው ይሰበሰባል፤ ሰው በተሰበሰበበት ሻይ ይፈላል፤ ሻይ በፈላበት ቤት ይሠራል። ድሬዳዋ ራሷ የባቡሩ ልጅ ናት፤ ሀዲዱ በ1895 ዓ.ም. ወደ ሐረር ተራራ መውጣቱን ትቶ ሜዳው ላይ ሲደርስ የተቆረቆረች ከተማ ናት። በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባም «ላ ጋር» የሚለውን የፈረንሳይኛ ቃል የአገሬው ሰው ለገሀር ብሎ ሠፈር አደረገው። የባቡሩን ትርፍ ከመዝገብ ማግኘት ይቻላል፤ ሠፈር ያደረጉትን ሰዎች ግን ማን መዘገባቸው?

ኃላፊው እንዲህ ይሉኝ ይሆናል፦ «ፈረንጅ ሁሉ መጥቶ ድህነታችንን ፎቶ ሲያነሣ ኖረ፤ አንተ ደግሞ በሞዴል ትጨምርበት?» ቁጭታቸው ይገባኛል፤ እኔም ተናድጄበት አውቃለሁ። ነገር ግን ጣውላዬን ደግመው ይዩት። ከ11ዱ ሰዎች አንድም ለማኝ የለም። አሥሩ ሥራ ላይ ናቸው፤ አንዱ ሽማግሌ ዐርፈዋል። ሥራ ላይ ያለ ሰው ገመና አይደለም። የሚታፈርበት ነገር ካለ ሥራዋን እያየን እንዳላየ መሆናችን ነው።

ለመሆኑ በየሕንፃው መግቢያ በመስታወት ተሸፍኖ የሚቀመጠውን ማኬት ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? ዛፉ ሁሉ እንደ ኳስ ክብ ነው። መኪናው ሁሉ ነጭ ነው። ሰው ወይ የለም፣ ወይ ፊት የለውም። ጉልት የለም፤ ሊስትሮ የለም፤ ጀበና የለም። «ማኬት የሚመጣውን እንጂ ያለውን አያሳይም» ይሉኛል። እኔን የሚያሠጋኝም ይኸው ነው! በማኬቱ ላይ ቦታ ያልተሰጣት እንቁላል ሻጭ ሕንፃው ሲቆም ቦታ ከየት ታገኛለች? በመስከረም 2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ለአገር ጠቃሚ ነው፤ ይህን አልክድም። ጣቢያዎቹ ግን ከከተማ ወጣ ብለው የቆሙ ናቸው። ከአዲስ አበባ የሚነሣው ሰው ከለገሀር ሳይሆን ከፉሪ–ለቡ ነው የሚሳፈረው። ሀዲድና ሎኮሞቲቭ ታስቦባቸዋል፤ በመስኮት የምታቀብለው እጅ ግን የታሰበችበትን ቦታ አላየሁም።

አንባቢ ደግሞ «ያለፈውን አቆንጅተህ ልትሸጥልን ነው» እንዳይለኝ። አሮጌው ባቡር ገነት አልነበረም። ይዘገያል፤ ይታጨቃል፤ ኮንትሮባንዱም የታወቀ ነው። በጥር 1977 ዓ.ም. አዋሽ አካባቢ ባቡሩ ከሀዲድ ወጥቶ ከ400 በላይ ሰው አልቋል። ያንን በጣውላ ላይ የሚሠራ እጅ የለኝም። ኮንትሮባንዱን ግን አልደበቅሁትም፤ ከ11ዱ አንዷ ከቀሚሷ ሥር ጨርቅ የጠቀለለች ናት፤ ተቆጣጣሪውም ወደ ሌላ አቅጣጫ እያየ ነው። እርሳቸው «አንሣ» ያሉኝ እነዚህን ሁለቱን ብቻ ቢሆን ኖሮ እንኳ እንነጋገር ነበር። ሁሉንም ነው ያሉት።

የምጠይቀው ለእኔ ጣውላ አዳራሽ እንዲሰጠው አይደለም። ጣውላዬ ቤቴ ይመቸዋል። የምጠይቀው ሌላ ነው። በድሬዳዋም በአዲስ አበባም የምድር ባቡር ጡረተኞች አሁንም በሕይወት አሉ። የጣቢያው በር ምን ዓይነት ቀለም ነበረው? ሻይ አፍይዋ የምትቀመጠው በየትኛው ግድግዳ በኩል ነበር? ደወሉ የት ተሰቅሎ ነበር? እነርሱ ያውቁታል። የድሬዳዋው አሮጌ ወርክሾፕ ሎኮሞቲቮች አሉት፤ መልካም። ሎኮሞቲቭ ግን ማን ጠበቀው፣ ማን ተሳፈረበት ብሎ አይናገርም። የቴክኒክ ትምህርት ቤት ተማሪዎች አንድ ክፍል አንድ ጣቢያ ቢይዙ፣ ሜትርና ደብተር ይዘው ወርደው ቢለኩ፣ ቢጠይቁ፣ ከዚያም በካርቶንና በኮላ ቢሠሩት ምን ያህል ያስወጣል? በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ላይ አሮጌ ሠፈሮች ሲፈርሱ በሩንና መስኮቱን አስቀድሞ የለካ ስንት ሰው ነበር? ሮይ ኢንግላንድ ማዳን ባይችል ለካ። እኛ መለካቱንም ከተውን ምን እናስቀራለን?

ለኃላፊው የመጨረሻ መልሴ ይህ ነው። ሰዎቹን አላነሣም። እንዲያውም ከትናንት ወዲያ ማታ አሥራ ሁለተኛውን ሰው ጀምሬአለሁ። ኮትና ክራባት አድርጓል፤ በብብቱ ፋይል ይዟል፤ በጣቢያው በር ላይ ቆሞ ሰዎቹን እያየ ነው። እርሳቸውን መስሎ ቢወጣልኝ ደስ ይለኛል። እንዲህ ያለ ሰውም በየጣቢያው ነበርና ከቦታው አይነሣም።