በአሥራ አንድ ሰዓት

ከሦስት ዓመት በፊት በዚሁ አምድ «አገር ሲቃጠል ጀልባ የሚገዛ» ብዬ የጻፍኩትን የምታስታውሱ ትኖራላችሁ። ስም አልጠራሁም። ይሁንና በኒውዮርክና በኒውጀርሲ ካለነው ሐበሾች ውስጥ ጀልባ ያላቸው እኔ የማውቃቸው አንድ ሰው ብቻ ስለሆኑ፣ ስም አለመጥራቴ ምንም አልጠቀማቸውም። ጋዜጣው በወጣ ሰሞን በየምግብ ቤቱ ሰው እየተጠቋቆመ ሳቀባቸው። እኔም አብሬ ሳቅኩ።

ሰውየውን ጋሼ ነው የምላቸው። ሃያ ስድስት ዓመት ኒውዮርክ ውስጥ ታክሲ ነድተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ባለፈው ሰኔ ድንገት ደወሉልኝና «ቅዳሜ በሀድሰን ወንዝ ሽቅብ እንሂድ። ሩዝቬልት የተወለዱበትና የተቀበሩበት ሃይድ ፓርክ ድረስ እንወጣለን። በአሥራ አንድ ሰዓት ጀልባዋ ዘንድ ተገኝ» አሉኝ። ስለ ጽሑፉ አንዲት ቃል አላነሡም። እሺ አልኩ። ሃይድ ፓርክን ማየት የምፈልግበት ምክንያት ነበረኝ፤ ሩዝቬልት ከሞታቸው ሁለት ወር ቀደም ብሎ፣ በየካቲት 1945፣ ስዊዝ ካናል ላይ በቆመ የጦር መርከብ ውስጥ ጃንሆይን ያነጋገሩ ሰው ናቸው። ጃንሆይ በዚያ ስብሰባ ካነሷቸው ጉዳዮች አንዱ የባሕር በር ነበር።

እንግዲህ ቅዳሜ ደረሰ። ዓርብ ሌሊቱን ለጋዜጣው ስጽፍ አምሽቼ ስልኬን ዘግቼ ተኝቼ ነበር። ረፈድ ሲል ስከፍተው ጋሼ ሰባት ጊዜ ደውለዋል። የቀጠሮው ሰዓት ገና ስለነበረ፣ «ሰው ሲያረጅ ይቸኩላል» ብዬ ቡናዬን ጠጥቼ ወጣሁ። ከማንሃተን ማዶ ካለው የጀልባ ማቆሚያ ልክ በአሥራ አንድ ሰዓት፣ ደቂቃ ሳላዛንፍ፣ ደረስኩ። ጋሼ የጀልባዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ውሃውን ያያሉ።

«እኔ ያልኩህ በእኛ አሥራ አንድ ነው» አሉኝ። «ጎህ ሲቀድ።»

ልብ በሉልኝ። አገሩን ረስቶ ፈረንጅ ሆነ ብዬ የጻፍኩባቸው ሰው ዛሬም ሰዓት የሚቆጥሩት በአገራቸው ነው። በየሳምንቱ «ባህላችንን እንጠብቅ» እያልኩ አምድ የምሞላው እኔ ግን አሥራ አንድ ሲባል ያለ አንዳች ጥርጣሬ የፈረንጁን ወሰድኩ። የተሳሳትነው ልክ ስድስት ሰዓት ነው። ስድስት ሰዓት ደግሞ በዚህ ወንዝ ላይ ቀልድ አይደለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሀድሰን ከሰሜን ከአዲሮንዳክ ተራሮች ተነሥቶ አምስት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ከባሕሩ አንሥቶ ትሮይ ከተማ እስካለው ግድብ ድረስ ግን፣ ማለትም ወደ 246 ኪሎ ሜትር፣ ከባሕሩ ጋር እኩል ይተነፍሳል። ባሕሩ ሲሞላ ውሃው ወደ ሰሜን ሽቅብ ይሄዳል፤ ሲጎድል ወደ ደቡብ ይመለሳል። እያንዳንዱ ስድስት ሰዓት ያህል ነው። ነባሮቹ ሞሂካኖች በሁለት ወገን የሚሄድ ውሃ ብለው የሰየሙት ለዚህ ነው። ሄንሪ ሀድሰን በ1609 በዚሁ ወንዝ ወደ እስያ የሚያሻግር መንገድ አገኝ ብሎ ሽቅብ ወጥቶ፣ ወደ ኦልባኒ ግድም ውሃው ሲያጥርበት ተመልሷል። ሙላቱ ሲጀምር የተነሣ ጀልባ ሙላቱም ወደ ላይ ስለሚከተለው ከስድስት ሰዓት በላይ ይገፋለታል። ጋሼ ያሰቡት ይኸንን ነበር። እኛ የተነሣነው ሙላቱ አልቆ ውሃው ሲመለስ ነው።

ጀልባዋ አሮጌ ናት። ዋጋዋ ካገለገለ ታክሲ አይበልጥም፤ ይህን ያወቅሁት ያን ዕለት ነው። ለአንድ ልጅ የምርቃት ድግስ አዳራሽ ተከራይተን የምናፈሰውን ገንዘብ ሳስብ ደግሞ የጻፍኩት ይበልጥ አሳፈረኝ። ሞተሯ በሰዓት አሥራ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ትሄዳለች፤ ውሃው ሦስቱን ይቀንስባታል። የእኔ ሥራ ከፊት ቆሞ ተንሳፋፊ ግንድ መጠበቅ ነበር፤ ግንድ የጀልባ ማራገቢያ ይሰብራል።

በግራችን የፓሊሴድ ገደል እንደ አጥር ቆሞ ለሰዓታት አብሮን ሄደ። ሁለት መቶ ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠረ ድንጋይ ነው። ለከተማው ጠጠር ሲሉ በፈንጂ ይንዱት ነበር፤ ሁለቱ ክፍላተ ሀገር በ1900 ባንድነት የፓርክ ኮሚሽን አቋቁመው አዳኑት። ከዚያ በስተቀኝ ሲንግ ሲንግ ወህኒ ቤት ታየ። በ1825 እስረኞቹን በጀልባ አምጥተው የገዛ ግድግዳቸውን በገዛ እጃቸው ያስገነቧቸው እዚያ ነው። እሱን እያየን ባለቤታቸው የቋጠሩልንን ድፎ ዳቦ በሻይ በላን።

ሀቨርስትሮው ላይ ወንዙ ሐይቅ መሰለ። ጋሼ የናፍጣውን መለኪያ ሁለቴ ሲያዩት አየሁ። ከውሃው ጋር ስንታገል ካሰቡት በላይ በልታለች። ነዳጅ ለመቅዳት ጠረፍ ስንይዝ ያን ሁሉ ንፋስና ውሃ እየገመቱ ጀልባዋን እንደ እንቁላል አስጠግተው አቆሟት። ገረመኝ።

«የት ተማሩት ጋሼ?»

«ምጽዋ» አሉኝ።

የባሕር ኃይል ሰው ነበሩ! «ኢትዮጵያ» በምትባለው ትልቋ መርከብ ላይ አገልግለዋል። ቀድሞ የአሜሪካ ባሕር ኃይል «ኦርካ» ነበረች፤ በ1962 ነው ለእኛ የተሰጠችው። በግንቦት 1983 ሁሉ ነገር ሲፈርስ ከጓዶቻቸው ጋር ወደ የመን ተሻገሩ። መርከቧም የመን ቀርታ በ1993፣ በፈረንጆቹ፣ ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። «እኔ ያኔ ኒውዮርክ ሳህን አጥቢ ነኝ። መሸጧን ስሰማ ሁለት ቀን ሥራ አልገባሁም» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ታክሲ እየነዱ፣ ከሹፌር ወንበር ወንዙን እያዩ፣ ለጀልባ ሲያጠራቅሙ ኖሩ።

እኔ አውሮፓ ድረስ ሄጄ ጋዜጠኝነት ተምሬ ዲግሪ ይዣለሁ። በመጀመሪያው ሳምንት የተማርነው ስለ ሰው ከመጻፍህ በፊት ሰውየውን ጠይቅ የሚል ነበር። እኒህን ሰው በየፋሲካው አያቸዋለሁ፣ ለቅሶ ቤት አብረን እንቀመጣለን፤ ከአገር ቤት ምን ይሠሩ እንደነበር አንድ ቀን ጠይቄ አላውቅም። ስለዚህ ያን ጊዜ የጻፍኩት ሐሰት ነበር፤ በዚህ ጋዜጣ ላይ፣ በዚያው አምድ፣ ይቅርታ እጠይቃለሁ። እዚያው ጀልባዋ ላይ ይቅርታ ስላቸው ደግሞ፣ «ግንዱን እይ፣ ግንዱን!» ብለው አቋረጡኝ። እውነትም ግንድ ነበር።

ምሽት ላይ በ2021 የተዘጋውን የኢንዲያን ፖይንት የኑክሌር ጣቢያ አልፈን ተራሮቹ መካከል ገባን። ዌስት ፖይንት ያለው የጦር ትምህርት ቤት ግራጫ ግንብ ከገደሉ ላይ ሲታየን ፀሐይዋ ጠልቃ ነበር። ወንዙ እዚያ ላይ በኃይል ይታጠፋል፤ ስድሳ ሜትር ያህል ይጠልቃል፤ መርከበኞቹ «የዓለም መጨረሻ» ይሉታል። ውሃው ቆመ፤ ጥቂት ቆይቶ ወደ ሰሜን መሄድ ጀመረ። ያጣነው ሙላት መምጣቱ ነው፤ እኛ ግን በጨለማ ከግንድ ጋር አንጋፋም ብለን አጠገቡ ካለች መንደር አሰርንና አደርን። ሃይድ ፓርክ ገና ወደ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ይቀር ነበር። በማግሥቱ ተመለስን።

ትናንት ደግሞ ጋሼ ደወሉ። «የሚመጣው ቅዳሜ፣ በአሥር ሰዓት ተኩል» አሉኝ።

«በየትኛው አቆጣጠር ጋሼ?» አልኳቸው።

ሳይመልሱልኝ ስቀው ስልኩን ዘጉት። እኔ ዓርብ ማታ ሄጄ እዚያው ጀልባዋ ላይ አድራለሁ።