የጋይሳይ ሣር

እቤታችሁ አሮጌ አሥር ሳንቲም ካለች ገልብጣችሁ እዩዋት። ያ ቀንዱ የተጠማዘዘው እንስሳ የደጋ አጋዘን፣ ብዙዎች ኒያላ የሚሉት ነው። ከኢትዮጵያ በቀር በየትም አገር አይገኝም።

በሕይወት ልናየው ከሻን ከአዳባ ወደ ሮቤ በሚወስደው መንገድ እንጓዝ። ዲንሾ ሳንደርስ ሰፊ ሜዳ ይቀበለናል፤ ጋይሳይ ይሉታል። የባሌ ተራሮች ፓርክ ሲነሣ ሰው የሚያወራው በስተደቡብ ስላለው ስለ ሐረና ደን ነው፤ እኛ ግን ለዚህ ሣር እናደላለን። ፀሐይ ስትበረታ አጋዘኖቹ ዛፍና ቁጥቋጦ ውስጥ ይጠለላሉ፤ ሲመሻሽ ወደ ሜዳው ይወጣሉ። ከርከሮው ደግሞ የፊት እግሮቹን አጥፎ፣ በጉልበቱ ተንበርክኮ ይግጣል። ልጆች ይህን ካዩ ሳቃቸው አያባራም።

በ1983 ዓ.ም. በመንግሥት ለውጡ ግርግር ብዙ አጋዘኖች ተገደሉ። ከተረፉት በዲንሾ የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ዙሪያ የተጠጉት ቆይተው ቁጥራቸው አንሠራራ። ፓርኩም በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። ይሁንና ሜዳው ላይ የአካባቢው ሰው ከብትም ይግጣል። «ከብቱ ይውጣ» ማለት ለእኛ ለከተሜዎቹ ቀላል ነው። እረኛው ግን ወዴት ይንዳው?