ፕሬዚዳንቱ ሐዋሳ ያዩት ፓርክ

ሐምሌ 8 ቀን 2010 ዓ.ም. የኤርትራው ፕሬዚዳንት ኢሳያስ አፈወርቂ ከጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ጋር ሐዋሳ መጥተው የኢንዱስትሪ ፓርኩን ጎበኙ። በእነዚያ ቀናት ኢሳያስ ባደረጉት ንግግር፣ የሁለቱን አገሮች ሕዝብ ሁለት አድርጎ የሚያይ ሰው እውነታውን እንደማያውቅ ተናገሩ፤ ከሚሊኒየም አዳራሽ እስከ ሐዋሳው ታቦር ተራራ ድረስ ደስታው ልክ አልነበረውም። ያሉት ከልባቸው አልነበረም የሚያሰኝ ማስረጃ የለኝም፤ አምነውበት ይሆናል። ችግሩ የኤርትራ የጎረቤት ፖሊሲ ከእሳቸው እምነት በቀር ሌላ ማረፊያ የሌለው መሆኑ ነው። በ1989 የጸደቀው የአገሪቱ ሕገ መንግሥት ሥራ ላይ አልዋለም፤ ፕሬዚዳንቱን ጠርቶ አንድን ውል ለምን ገቡ፣ ለምንስ ተዉት ብሎ የሚጠይቅ ምክር ቤትም የለም። እሳቸው ሐሳባቸውን ሲለውጡ ድንበሩ ይዘጋል።

ደግሞም ተዘጋ። መስከረም 1 ቀን 2011 የድንበር መሻገሪያዎቹ ዛላምበሳና ቡሬ ሲከፈቱ ነጋዴው ጤፍና ሲሚንቶ ጭኖ ተሻገረ፤ ስለ ቀረጥ፣ ስለ ምንዛሪና ስለ አሰብ ወደብ አንብቦ የሚመራበት ዝርዝር ደንብ ግን አልነበረውም። ዛላምበሳ ዓመቱን እንኳ ሳይደፍን ተመልሶ ተዘጋ፤ ምክንያቱን በወጉ የነገረን የለም። ጥቅምት 2013 ጦርነት ተነሣ፣ የኤርትራ ሠራዊት ትግራይ ገባ፤ መግባቱን መንግሥታችን ያመነው መጋቢት ላይ ነው። የጦርነቱ ዳፋ ሐዋሳም ደረሰ። ኅዳር 2014 የአሜሪካው የልብስ ኩባንያ ፒቪኤች በፓርኩ ያለውን ፋብሪካ እንደሚዘጋ አስታወቀ፤ ታኅሣሥ 23 ደግሞ አሜሪካ ከቀረጥ ነፃ የገበያ ዕድሏ ከአጎዋ አስወጣችን። ጦርነቱ የአንድ ጎረቤት ሥራ ብቻ ነበር አልልም፤ የልብስ ስፌት ሠራተኞቹ ግን ማንም ያላማከራቸው ውሳኔ ዕዳ ከፋይ ሆኑ።

ውል ቢኖርስ ምን ያድናል የሚል አይጠፋም። በ1985 የወዳጅነትና የትብብር ስምምነት ነበር፤ ሆኖም በ1990 በተነሣው የድንበር ጦርነት ባድማ ላይ ያን ያህል ወጣት ረገፈ። ክርክሩ ከባድ ነው። ነገር ግን ያኔም ቢሆን ጉዳዩ የተያዘው በጓዶች መካከል ነው፤ ኢሳያስ በነሐሴ 1989 ስለ ድንበሩ አካባቢ ዓዲ ሙሩግ ለያኔው ጠቅላይ ሚኒስትራችን ለመለስ ዜናዊ የጻፏቸው ደብዳቤዎች ለሕዝብ የወጡት ጦርነቱ ከተጫረ በኋላ ነበር። ስምምነቱ ወረቀት ላይ ቀርቶ ሥራውን የሠራው ትውውቅ ነው፤ ትውውቁ ሲሻክር መካከል የሚገባ ተቋም ጠፋ።

ሌላው ተከራካሪ ጣቱን ወደ አዲስ አበባ ይቀስራል፦ የትግራዩን ጦርነት ያስቆመው የፕሪቶሪያው ስምምነት ኤርትራ ሳትኖርበት ተፈረመ፣ በ2016 ጥቅምት የቀይ ባሕር ጥያቄ በቴሌቪዥን ተነሣ፣ አስመራ ብትጠራጠር ምን ይደንቃል? እውነት አለው። እኛም ዘንድ ቢሆን ታኅሣሥ 22 ቀን 2016 ከሶማሌላንድ ጋር የተፈረመው የመግባቢያ ሰነድ ሙሉ ቃሉ ለሕዝብ አልወጣም። ልዩነቱ ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 55 አስፈጻሚው የሚዋዋላቸውን ዓለም አቀፍ ስምምነቶች የማጽደቅ ሥልጣን ለተወካዮች ምክር ቤት መስጠቱ ነው። ነገ ስለ አሰብ ድርድር ቢጀመር የሐዋሳ ተመራጮች እጃቸውን ከማንሣታቸው በፊት የወደቡን ክፍያ፣ የመገበያያውን ገንዘብና ጠብ ሲነሣ የሚዳኘውን አካል በጽሑፍ ይጠይቁ።