ፊሽካ ስም ያውቃልን?

ሰሞኑን በመመገቢያ አዳራሹ ሰልፍ ላይም ሆነ ማታ መብራት ከጠፋ በኋላ በየመኝታ ክፍላችን የሚሰማው ክርክር አንድ ነው። የአሜሪካ የቅርጫት ኳስ ሊግ ዳኞች ለስመ ጥር ተጫዋቾች ያደላሉ ወይስ አያደሉም? ከፊሉ «ገንዘብ ባለበት ምን ዳኝነት አለ!» ብሎ ነገሩን በአንድ ቃል ይዘጋዋል። ከፊሉ ደግሞ «የተሸናፊ ማመካኛ ነው» ይላል። እኔ ግን ሁለቱም ወገኖች ሳያውቁት በአንድ ስሕተት የተስማሙ ይመስለኛል፤ ይኸውም አድልዎ የሚመጣው ከክፉ ሰው ብቻ ነው ብለው ማመናቸው ነው። ዳኛ ጉቦ ሳይበላ፣ ልቡም ንጹሕ ሆኖ ሳለ ሊያደላ ይችላል። ይህንንም እንደ አቅሜ ለማስረዳት እሞክራለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።

ብዙዎቻችን ደጋግመን ያየነው ፊልም አለ። ጁን 14 ቀን 1998 በሶልት ሌክ ሲቲ፣ የሺካጎ ቡልስና የዩታ ጃዝ ስድስተኛ የፍጻሜ ጨዋታ ነው። ማይክል ጆርዳን ተከላካዩን ብራየን ራስልን ጥሎት አለፈና ወረወረ፤ 5.2 ሴኮንድ ሲቀር ኳሷ ገባች፤ ሺካጎም 87 ለ86 አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ። የጆርዳን ግራ እጅ ራስል ላይ ማረፉን ዓይን ያለው ሁሉ ያያል። ገፋው ወይስ ራስል ራሱ አዳለጠው? እስከ ዛሬ ያከራክራል። ለእኔ ራስል የወደቀው በገዛ ፍጥነቱ ነው። ዳሩ ግን ጥያቄውን ገልብጡት፤ እጁን ያሳረፈው ራስል፣ የወደቀውም ጆርዳን ቢሆን ኖሮ ፊሽካው ዝም ይል ነበርን? ለዚህ «አዎን» ብሎ የሚመልስልኝ የሺካጎ ደጋፊ እስካሁን አላገኘሁም።

በዚያው ጨዋታ የዩታው ሀዋርድ አይዝሊ ያስገባው ባለ ሦስት ነጥብ ውርወራ «ሃያ አራቱ ሴኮንድ አልቋል» ተብሎ ተሰርዟል። በኋላ የታየው ምስል ግን ኳሷ ሰዓቱ ሳያልቅ ከእጁ መውጣቷን ያሳያል። የተሰረዘበት በገዛ ሜዳው፣ በገዛ ሕዝቡ ፊት መሆኑን አትርሱ። ስለዚህ አንድ ስሕተት ብቻውን ምንም አያስረዳም፤ ዳኛ ሰው ነውና ይሳሳታል። ሊጉም ቢሆን ዳኞች ምስል ተመልሰው እንዲያዩ የፈቀደው በ2002 ነው። የሚያስጠይቀው ስሕተቱ ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን ሲያጋድል ነው።

«ሌብነት የለም እያልክ ነው ወይ?» የሚል አይጠፋም። አለ እንጂ። ቲም ዶናሂ የሚባለው ዳኛ ራሱ በሚዳኛቸው ጨዋታዎች ላይ ጭምር ሲወራረድ ተገኝቶ በ2007 ጥፋቱን አመነ፤ በ2008 የአሥራ አምስት ወር እስራት ተፈረደበት። ይኸው ሰው በ2002 የሎስ አንጀለስ ሌከርስና የሳክራሜንቶ ኪንግስ ስድስተኛ ጨዋታ ሆን ተብሎ እንደተጣመመ ከሰሰ። በዚያ ጨዋታ ሌከርስ በመጨረሻው ሩብ ብቻ 27 የቅጣት ውርወራ አግኝቷል። ሊጉ ክሱን ክዷል፤ ክሱም አልተረጋገጠም። ሆነም ቀረ፣ ሌባ የፖሊስ ጉዳይ ነው፤ መዝገብ ተከፍቶለት ይዘጋል። እኔን የሚያሳስበኝ ማታ ቤቱ ገብቶ እንቅልፉን በሰላም የሚተኛው ዳኛ ነው።

እስቲ ራሳችሁን በእርሱ ቦታ አስቀምጡ። አሥር ግዙፍ ሰዎች ይጋፋሉ። እጅ ከእጅ ሲነካካ ግማሽ ሴኮንድ እንኳ አይፈጅም። ግልጽ የሆነውን ጥፋት ማንም ይፈርደዋል። አጠራጣሪው ሲመጣ ግን ዓይን ያላየውን አእምሮ ከራሱ ጎተራ አውጥቶ ይሞላዋል። በዚያም ጎተራ ያለው የተጫዋቹ ስም ነው። «ይህ ሰው እንዲህ ያለ ኳስ አይስትም፤ ሳይነካ አልቀረም» ይላል አእምሮ፤ ፊሽካውም ይነፋል። ያልታወቀው ልጅ ሲስት ደግሞ «አልቻለበትም» ይባላል። (ስም ሁልጊዜ አይጠቅምም። እንደ ሻኪል ኦኒል ያለውን ግዙፍ ተጫዋች ሦስት ሰው ሲንጠለጠልበት ሰውነቱ ስለማይነቃነቅ ብቻ ብዙ ጥፋት ሳይነፋለት ይታለፍ እንደነበር ደጋፊዎቹ ሲያማርሩ ኖረዋል። ጉልበቱ ስም ሆኖ በራሱ ላይ ፈረደበት ማለት ነው።)

በስሙ ላይ የሕዝቡ ጩኸት ይጨመራል። በ2005 የታተመ አንድ ጥናት የስፔን እግር ኳስ ዳኞችን መርምሮ ነበር። ባለ ሜዳው ቡድን በአንድ ጎል ሲመራ ዳኞቹ የሚጨምሩት ሰዓት አጭር፣ በአንድ ጎል ሲመራበት ደግሞ ረጅም ሆኖ ተገኘ። እነዚያን ሁሉ ዳኞች ማን ገዛቸው? ማንም አልገዛቸውም፤ ጆሮ ስላላቸው ብቻ ነው።

ይህ የፈረንጅ ጣጣ ነው ለሚለኝ ወደ አገሬ ልውሰደው። እኔ የዋግ ሰው ነኝ፤ የጋዝጊብላ ልጅ። በአስከተማ ዙሪያ ባለው ደጋ፣ አጨዳው ካለቀ በኋላ በልደት ሰሞን፣ ልጅም ጎልማሳም ጫፉ የቆለመመ ዱላ ይዞ ሩር ሲመታ ይውላል። በገና ጨዋታ ጌታ በሎሌው ላይ እንደማይቆጣ የሚነገረውን አባባል ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቀዋለን። ዋግ ማዕረጉ ከአባት ወደ ልጅ በሚተላለፍ ዋግሹም ሲገዛ የኖረ አገር ነው። ከነዚሁ ዋግሹሞች አንዱ ጎበዜ፣ ከ1868 እስከ 1871 ዳግማዊ ተክለ ጊዮርጊስ ተብሎ ነግሧል። ስም እንዲህ በከበደበት አገር ለአንድ ቀን ስም ወደ ጎን እንዲባል መፈቀዱ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን አባባሉን ልብ ብላችሁ ተመልከቱት፤ ፈቃዱ የተሰጠው ለሚመታው ሎሌ ነው። «ሩሯ አልፋለች፣ አላለፈችም» የሚል ጠብ ሲነሣ የሚፈርደው ሽማግሌስ? እርሱ በማግሥቱ የጌታውን ደጅ የሚጠና ሰው ነው፤ ለእርሱ ማን ፈቃድ ሰጠው? በልጅነቴ እንኳ ባየሁት፣ ዱላው የተፈራው ልጅ «አልፋለች» ካለ አልፋለች ነበር።

እንግዲህ ምን ይደረግ? «ዳኛው ኅሊና ይኑረው» ማለት ዋጋ የለውም፤ አለውና። የሚጠቅመው ሌላ ነው። ጆሴፍ ፕራይስና ጀስቲን ዎልፈርስ የተባሉ ሁለት የኢኮኖሚክስ ምሁራን ከ1991 ጀምሮ የተደረጉ የአሥራ ሦስት ውድድር ዓመታት ጨዋታዎችን መርምረው ነበር። የእነርሱ ጥያቄ ስለ ዝና ሳይሆን ስለ ቆዳ ቀለም ነው። ዳኞቹ በቀለም ከተጫዋቹ ሲለዩ በእርሱ ላይ የሚነፋው ጥፋት በዛ ያለ ሆኖ አገኙት። ነገሩ በ2007 በጋዜጦች ወጥቶ አገር ምድሩ ተነጋገረበት። ቆይተው ከዚያ ወዲህ ያሉትን ዓመታት ቢመረምሩ ያ አድልዎ የለም። ዳኞቹ በአዲስ አልተተኩም፤ ጉዳዩ በአደባባይ መነገሩ ብቻ እንደበቃ ጸሐፊዎቹ ይገምታሉ። ሊጉም ከ2015 ጀምሮ የተቀራረቡ ጨዋታዎችን የመጨረሻ ሁለት ደቂቃ ፍርድ መርምሮ፣ ትክክሉንና ስሕተቱን ለይቶ በማግሥቱ ያወጣል። ነጥቡ አይለወጥም፤ ዳኛው ግን እንደሚነበብ ያውቃል።

ዳኛን መመርመር ሁከት ያመጣል የሚሉ አሉ። በ2018 በአገራችን ፕሪምየር ሊግ አንድ ዳኛ ሜዳ ላይ ተደብድቦ ውድድሩ እስከመቋረጥ መድረሱን ይጠቅሳሉ። መጠየቅና መደብደብ ግን ለየብቻ ናቸው። እንዲያውም ሰው በወረቀት የሚጠይቅበት መንገድ ሲያጣ ነው እጁን የሚያነሣው።

ወደ ግቢያችን ልመለስ። በፋኩልቲዎች ውድድር ላይ የአራተኛ ዓመቱ ዝነኛ ሲወድቅ ሜዳው ሁሉ «ፋውል!» ይላል፤ ከገጠር የመጣው የአንደኛ ዓመት ተማሪ ሲወድቅ ይሳቃል። እንዲህ ሁለት ሦስት ጊዜ የተሳቀበት ልጅ በሚቀጥለው ሳምንት ልምምድ ላይ አይታይም፤ ለምን እንደቀረም የሚጠይቀው የለም። የማኅበራችን የስፖርት ኮሚቴ ሁለት ነገር ቢያደርግ ወጪው አንድ ወረቀትና አንድ ማጣበቂያ ነው። ዳኛው ከማይጫወት ፋኩልቲ በዕጣ ይመረጥ፤ ያከራከሩትን ፍርዶችም ምክንያቱን ራሱ በእጁ ጽፎ በማግሥቱ ጠዋት በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ይለጥፍ። ማይክሮፎን የሚይዘውም ወንድማችን ኳስ ገና ከእጅ ሳይወጣ የዝነኛውን የሙገሳ ስም መጥራቱን ለአንድ ውድድር እንኳ ይተውልን።