መከለያው ይመለስ!

በዎርክሾፓችን ያለው የእጅ ሞላ መከለያው ከተነሣ ሰንብቷል። የተነሣውም ለ125 ሚሊ ሜትር ዲስክ በተሠራው ሞላ ላይ የ230ውን ለማስገባት ነው፤ ሥራ ያፋጥናል ተብሎ። የሁለቱም የመካከል ቀዳዳ አንድ ልክ ስለሆነ ይገባል። እኛም አይተን ዝም ማለታችንን አንክድም።

ነገሩ ግን የሒሳብ ጉዳይ ነው። ዲስክ ሲሽከረከር ክብደቱ ራሱ ወደ ውጭ ይስበዋል፤ ውጥረቱም በቀዳዳው ጠርዝ ይበረታል። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ውጥረቱ አራት እጥፍ ይሆናል። በትልቁ ዲስክ ላይ የታተመው ወሰን በደቂቃ 6,600 ዙር ነው፤ ትንሹ ሞላ ግን እስከ 11,000 ያዞረዋል። ስለዚህ ውጥረቱ ከተፈቀደው ሁለት ተኩል እጥፍ ያልፋል፤ የዲስኩ ዳርም በሰከንድ 132 ሜትር ያህል ይሮጣል። ቢሰበር የሚያግደው ያ የተነሣው መከለያ ነበር። መነጽር አለን ይባላል፤ መነጽር ለፍንጣሪ እንጂ ለስባሪ ዲስክ አይበቃም።

ይህንኑ ቀመር በፈተና አሳምረን ጽፈን በማግስቱ ከዲስኩ ትይዩ እንቆማለን!

ክቡራን መምህራኖቻችን፣ መከለያው ተመልሶ በብሎን እስኪታሰር ድረስ የተግባር ትምህርቱ እንዲቆይልን እንጠይቃለን። ማርክ የሚያስቀንስብን ከሆነም ይቀነስ።